ክላርኔት ተጫዋቻችን ከጭብጨባው በፊት የተናገሩት

የርቀት ቀረጻ ሙዚቀኞችና የሙዚቃ ደራስያን ማኅበር፣ ለአሥራ አንድ ዓመታት አባሉ የነበሩት ክላርኔት ተጫዋች፣ ሁላችንም «ጋሽ ልድገመው» እያልን የምንጠራቸው፣ ሰኔ ሁለት ቀን በስልሳ ሦስት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው። ሀዘናችን ኀፍረት የተቀላቀለበት ነው። ምክንያቱን አባላትም ሆኑ ሌሎች አንባቢዎች ሊያውቁት ስለሚገባ ሳናድበሰብስ ጽፈነዋል።

ሟቹ ለሃያ ሁለት ዓመታት በማርሽ ባንድ አገልግለዋል። ባንዱ ሲበተን የሚያጫውታቸው መድረክ አልተገኘም። ባለቤታቸውን በሞት ያጡትም በዚያው ዓመት ነበር። ማኅበራችንን የተቀላቀሉት ከዚያ በኋላ ነው።

አሠራራችንን ለማያውቁ በአጭሩ እንገልጻለን። የሙዚቃ ደራሲው የጻፈውን ኖታና መሪ ቅጂውን በኢንተርኔት ይልካል። ሙዚቀኛው በሌላ ቦታ፣ በገዛ ክፍሉ፣ መሪ ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ድርሻ ብቻውን ቀርጾ ይመልሳል። ድምፅ በመንገድ ላይ ስለሚዘገይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ አብረው ሊጫወቱ አይችሉም። በዚህ ምክንያት አባሎቻችን ለዓመታት አብረው ሠርተው ሳይተያዩ ይቀራሉ።

የሟቹ የቀረጻ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው መኝታ ቤታቸው ነበር። ማሚቶውን እንዲውጥላቸው የቁም ሳጥኑን በር ከፍተው የባለቤታቸውን ካፖርቶች በማይክራፎኑ ዙሪያ ይሰቅሉ ነበር። የግድግዳ ሰዓቱን ወደ ወጥ ቤት ያወጡትና ሲጨርሱ መልሰው ይሰቅሉታል። ከዚህ ክፍል ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሥራዎች ድርሻቸውን ልከዋል። አንዱም ከቀኑ አልዘገየም።

በሦስተኛው የአባልነት ዓመታቸው፣ በጥቅምት ወር፣ ለአንድ የልጆች ፊልም የተጻፉ አሥራ ዘጠኝ ክፍሎችን በአራት ቀን ቀርጸው አስረክበዋል። ደራሲው በቂ ነው ካሉ በኋላ እንኳን «አንዴ ልድገመው» ማለታቸው የዘወትር ልማዳቸው ነበር። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ መጣ።

ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮ ኮንትራባስ የተባለውን ግዙፍ ባለ ክር መሣሪያ ከሚጫወቱትና «ግንዱ» ተብለው ከሚታወቁት ባልደረባ ጋር በስልሳ አንድ ሥራዎች ተጣምረዋል። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ የሚጫወቱ ይመስሉ እንደነበር ደራስያን ሁሉ ይመሰክራሉ። በአካል ግን ተገናኝተው አያውቁም።

በስምንተኛው ዓመት የአዳዲስ አባላትን ቅጂ እያዳመጡ በእጃቸው እርማት ይጽፉላቸው ጀመር። ይህን ያደረጉት ማንም ሳይጠይቃቸው ነው።

ባለፈው ኅዳር አሥራ አራት ቀን ማኅበሩ የሚከተለውን ማሳሰቢያ ላከላቸው፦ «ትንፋሽዎ ከዜማው በላይ እየተሰማ ደራስያንን አስቸግሯል፤ ማይክራፎኑን ራቅ ያድርጉት።» በማግስቱ «ማሳሰቢያችሁን ተቀብያለሁ» ብለው መለሱ፤ ማይክራፎኑንም አራቁት። የቀረውን ትንፋሽ ደራስያን በኮምፒውተር አጸዱት። ትንፋሹ ለምን እንደበዛ የጠየቀ አልነበረም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። በደንባችን አንቀጽ አራት መሠረት ማንኛውም ሙዚቀኛ በቅጂው መግቢያ ላይ የሙዚቃውን ክፍልና የቀረጻውን ቁጥር ይናገራል፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ያጨበጭባል። ደራሲው ቅጂዎቹን የሚያስተካክለው በጭብጨባው ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውንም ቆርጦ ይጥለዋል። ጭብጨባው በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ረጅም መስመር ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ፣ ለመቁረጥ ማየት እንጂ መስማት አያስፈልግም።

ከቀብሩ በኋላ ለመታሰቢያ የሚሆን ቅጂ ስናሰባስብ፣ የመጨረሻ ሥራቸውን የተቀበሉት የፊልም ሙዚቃ ደራሲዋ፣ ዋናዎቹን ገና ስላልደመሰሱ፣ ሰባት ያልተቆረጡ ቅጂዎች ላኩልን። ከመጀመሪያ ጀምረን አዳመጥናቸው። ከአምስቱ የተሰማውን ሳንቀንስ እናቀርባለን።

በጥር ወር፦ «ሁለተኛ ክፍል፣ ሦስተኛ ቀረጻ። የላይኛው ጎረቤቴ ዛሬም ምስማር እየመታ ነው። ምት ግን ይጠብቃል፤ ከበሮ መቺ ለጠፋችሁ እጠቁማችኋለሁ።»

በየካቲት ወር፦ «አራተኛ ክፍል፣ አንደኛ ቀረጻ። ጎበዝ፣ ደረጃው እየረዘመብኝ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ሳርፍ የጎረቤት ልጅ ‹ጋሼ፣ ቁልፍ ጠፋብዎት እንዴ?› አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ምን ልበላት?»

መጋቢት ሃያ ቀን፦ «አምስተኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ቀረጻ። ሐኪሙ ሳንባህ ውሃ ቋጥሯል፣ በቶሎ መቀዳት አለበት ብሎኛል። ሚያዝያ ስምንት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። አስታማሚ ይዘህ ና፣ ብቻህን ከመጣህ አልጋ አንሰጥህም አለኝ። እህቴን እንደሆነ ጉልበቷ አያደርሳትም፤ ከነገርኳትም እየዳኸች ትመጣለች። ከእናንተ ውስጥ በዚህ አካባቢ ያለ ሰው ካለ፣ ለአንድ ቀን ነው።»

ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን፦ «ስድስተኛ ክፍል፣ አንደኛ ቀረጻ። ብቻዬን ሄጄ መለሱኝ። ወደ ግንቦት ሦስት አዛውረውልኛል። የሚመጣው ሰው ጋዜጣ ይዞ ቢቀመጥ ይበቃል፤ አጫውተኝ አልለውም።»

ግንቦት ስድስት ቀን፦ «ሰባተኛ ክፍል፣ አንደኛ ቀረጻ። እንግዲህ ሰምታችኋል። ዝም ያላችሁት ቢከብዳችሁ ነው፤ ሁሉም የራሱ ጣጣ አለበት። አልተቀየምኩም። ከዚህ በኋላ አላነሳውም።» ከዚያ አጨበጨቡ።

በቀሩት ሁለት ቅጂዎች መግቢያ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የመጨረሻውን ከላኩ በኋላ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ልድገመው» አላሉም። ደራሲዋ ሥራው ጥሩ ስለነበር ልብ እንዳላሉት ነግረውናል።

ለምን ደብዳቤ አልጻፉም የሚል አባል ይኖራል። የደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ በሥራ መላላኪያ የግል ጉዳይ መጻፍን ይከለክላል፤ ይህንንም አንቀጽ ያወጣነው ወሬ በዝቷል ብለን ነው። ሟቹ ደንብ አክባሪ ነበሩ። በቅጂ መግቢያ ላይ መናገርን የሚከለክል አንቀጽ ግን ስላልነበረ፣ የሚነጋገሩበት ቦታ ያ ብቻ መሰላቸው። እንደምንሰማቸውም አልተጠራጠሩም።

ደራሲዋ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንዲህ ብለዋል፦ «መስመሯን አይቼ ነው የምቆርጠው። ከዚያ በፊት ያለውን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። እናንተስ ትሰማላችሁ?» እሰማለሁ ያለ አልተገኘም።

ኮንትራባስ ተጫዋቹ የሟቹን አድራሻ ያወቁት የቀብሩን ማስታወቂያ ባነበቡበት ዕለት ነው። መዝገባችን የአባላትን ኢሜይል እንጂ ሰፈራቸውን አይዝም። «በእግሬ አሥር ደቂቃ ነው የመጣሁት» አሉ፣ መሣሪያቸውን እንዳዘሉ በሟቹ ቤት በር ላይ ቆመው። «ከዚህ ሕንፃ ሥር ካለው ሱቅ ነው ዳቦ የምገዛው። ስንት ጊዜ በደረጃው ሥር አልፌያለሁ።» ወደ ውስጥ እንዲገቡ ቢለመኑም እምቢ ብለው ቀሩ።

ሟቹ ሲገኙ ክላርኔታቸው ተወልውሎ በሳጥኑ ውስጥ ነበር። ሰዓቱ ከወጥ ቤት ወጥቶ በቦታው ተሰቅሏል። የፊልሙ ሙዚቃም ሳይጓደል በቀኑ ተጠናቅቋል።

ማኅበሩ አንቀጽ አራትን አሻሽሏል፤ ከእንግዲህ ደራስያን ቅጂውን ከመግቢያው ጀምረው እንዲያዳምጡ ይገደዳሉ። አንቀጽ ዘጠኝም ተሽሯል። ይህ ለሟቹ የሚያደርግላቸው አንዳች ነገር የለም። ለሌሎች ስለ መጥቀሙም ለመናገር አንደፍርም፤ ማሻሻያው ከወጣ ወዲህ በደረሱን ቅጂዎች ሁሉ ከጭብጨባው በፊት የሚሰማው ቁጥር ብቻ ነው።

ታላቅ እህታቸው የወንድማቸው ድምፅ ያለበትን ሁሉ እንድናስረክባቸው ጠይቀውናል። የአሥራ አንዱ ዓመት መግቢያ በየደራሲው እጅ ተቆርጦ ተጥሏል። የቀረው የእነዚህ ሰባት ቅጂዎች መግቢያ ሲሆን፣ ተደምሮ አራት ደቂቃ አይሞላም። በስልክ አሰማናቸው። ሲጨርሱ «የሚያወራው ከማን ጋር ነው?» አሉን። ከእኛ ጋር እንደሆነ ነገርናቸው።

«ታዲያ ምን መለሳችሁለት?» አሉ።

ለታላቅ እህታቸው፣ አጠገባቸው እየኖሩ ሳያውቋቸው ለቀሩት ለኮንትራባስ ተጫዋቹና ለባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት