የአባባ ብራጋንዛ

ጥቅምት 3

ከሥራ ወደ ቤት፣ ከሬድመንድ ሬንተን፣ አንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ። ዝናብ። ቤት ስገባ አባባ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ይጠብቁኛል። ስለ ፍቅረኛዬ ስለ ሌዊ ሊያወሩኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። የነቢያት ጾም ሳይገባ ሽማግሌ ሊልክ ነውና።

የፈለጉት ሌላ ነው። የፖርቹጋል ነገሥታትን ታሪክ ከእንግሊዝኛ እንድተረጉምላቸው... ሽማግሌዎቹ ፊት ሊያነቡት!

«እኛ የብራጋንዛ ዘር ነን። ይወቁት» አሉ። ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አገራችን ከመጡት የፖርቹጋል ወታደሮች መሀል አንዱ የንጉሥ ዘመድ ነበር አሉ። ማን ነገራቸው? አያታቸው። ለአያታቸውስ?

ቀጥለው፣ «ያ ልጅ የፋቂ ዘር ነው የሚባለው እውነት ከሆነ ግን ሽማግሌዎቹን ከበር ነው የምመልሳቸው።»

ፋቂ። ሲያትል ተቀምጠን። ቃሉ ራሱ ስድብ ነው። የሌዊ አያት ደብረ ብርሃን ቆዳ እያለፉ፣ ጫማ እየሰፉ ነው ያሳደጉት፣ ያስተማሩት። ለአባባ ምንም አላልኩም። ፈሪ።

ጥቅምት 7

በምሳ ሰዓት ታሪኩን አነበብኩ። የብራጋንዛዋ ንግሥት ማሪያ ያገቡት የአባታቸውን ወንድም። ልጃቸው ደግሞ የእናቱን እህት አገባ። አክስቱን! እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ካልሆነ አንጋባም። አባባ የሚኮሩበት ዘር ይሄ ነው? ምሳዬን ሳልጨርስ ደፋሁት።

ጥቅምት 12

የመጀመሪያው የብራጋንዛ መስፍን ዲቃላ ነው። አባቱ፣ የአቪሽ ሥርወ መንግሥት የመጀመሪያው ንጉሥ፣ እሱም ዲቃላ። ይሁን። የመስፍኑ እናት ደግሞ፣ እንደሚወራው፣ የጫማ ሰፊ ልጅ ናት።

የጫማ ሰፊ ልጅ! ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ማታ ለአባባ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እሱን ዝለዪው።»

ዘለልኩት። ለምን እንደዘለልኩት አላውቅም።

ጥቅምት 15

ሌዊ ኤቨረት ካለው ሥራው ሲወጣ ኮል አደረገ። ይስቃል ብዬ የጫማ ሰፊውን ነገር ነገርኩት። አልሳቀም።

«ሶ፣ አባትሽ ስለ አያቴ ያውቃሉ?»

«ሰምተዋል። እርግጠኛ አይደሉም።»

ከዚያ «ኦኬ፣ እኔ ሃንድል አደርገዋለሁ» አለ። በአያቱ ኮርቶ ሊናገር ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 24

መጡ። አራት ሽማግሌዎች። ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አባባ ወረቀታቸውን አነበቡ፣ ፖርቹጋልን የገዙትን አራቱንም ሥርወ መንግሥት። ጫማ ሰፊው የለም። ከዚያ የልጁን ዘር ጠየቁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ሰለሞን፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያቱ ደብረ ብርሃን የታወቁ ባለርስት ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና።»

ነፍሳቸውን ይማር? እሁድ ከአያቱ ጋር በቪዲዮ አውርተናል እኮ! ለሠርጌ ጫማ ሊሰፉልኝ የእግሬን ቁጥር ጠየቁኝ።

አባባ እሺ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ተመራረቁ።

ሌዊ ጋ ደወልኩ። «ባለርስት በሉ ያልካቸው አንተ ነህ?»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፣ ኖላዬ።»

«ሞተዋልም በሉ አልክ?»

«አያቴ ደብረ ብርሃን ሆኖ የት ይሰማል?»

ስልኩን ዘጋሁት። አባባ አያቱን በአንድ ቃል ሰደቡ። እሱ ግን በቁማቸው ቀበራቸው። ከሁለቱ ማን ይብሳል?

ጥቅምት 26

ሌዊን አላገባህም አልኩት። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እወደዋለሁ... ግን በአያቱ ያፈረ ሰው በማን አያፍርም?

ማታ ለአባባ ነገርኳቸው። «ምን ጎደለው?» አሉ።

«ዋሽቷል። አያቱ አልሞቱም። ዛሬም ጫማ ይሰፋሉ።»

ለምን እንደተውኩት ላስረዳቸው አፌን ስከፍት አባባ ተነሱ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጎሽ የኔ ልጅ። የብራጋንዛ ደምሽ ነው የነገረሽ» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ግንባሬን በሳሙና ታጠብኩ።