በሌላ ሰው ፖስታ ላይ የፈረምኩት ፊርማ

ይድረስ በካቲባስ ወንዝ ዳር ለሚኖሩት ለተከበሩ አባቴ ለላንቲንግ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? የእማዬስ ዓይን? ወንዙ ሞልቶ የጀልባ ማሰሪያውን ወሰደው ብላችሁኝ ነበር፤ ተጠገነ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። በስልክ ቢሆን ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። አባባ፣ ፈርቻለሁ።

ይህን ቤት በተከራየሁ በሳምንቱ ፖስተኛው የአደራ ደብዳቤ ይዞ መጣ። የተጻፈው ከእኔ በፊት እዚህ ለኖረች ሎ ሱዪ ፎንግ ለምትባል ሴት ነው። በእኛ ረጅም ቤት ሃያ ሁለት አባወራ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚኖር፣ ፖስታ ሲመጣ በረንዳው ላይ የተገኘ ሰው ፈርሞ ይቀበላል፣ ለባለቤቱም ያደርሳል። የጎረቤቱን ደብዳቤ የመለሰ እንደ ክፉ ይታያል። እኔም ፈረምኩ። አንዴ አይደለም፣ ሰባት ጊዜ። የኬሚስትሪ ዲግሪ ይዤ! አንድ ቀን መጥታ ትወስዳቸዋለች ብዬ ሳልከፍታቸው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

የመጡት ግን ሁለት ዕዳ አስመላሾች ናቸው፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ። አንደኛው ፊርማዬ ያለባቸውን ሰባት የደብዳቤ መቀበያ ወረቀቶች ዘርግቶ ሴትዮዋ የት እንዳለች ጠየቀኝ። አላውቃትም አልኩት። «ለማታውቂያት ሰው ሰባት ጊዜ ፈረምሽ? ደግ ነሽ እቴ! በይ ለእኔም ሚስት ስፈልግ ፈርሚልኝ» ብሎ ሳቀ። ሁለተኛው የቤቴን በር በመዳፉ እያሻሸ «ቀይ ቀለም ያምርበታል» አለ። ፊት ለፊታችን ያለው በር አምና ዕዳ አስመላሾች የደፉበት ቀይ ቀለም እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ወይ ዘመዷ አለመሆንሽን በወረቀት አምጪ፣ ወይ ያለችበትን ንገሪን፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ብለውኝ ሄዱ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ቀለሙ ሲደፋብሽ ነይ አሉኝ። አከራዬ ደግሞ «በሩ ከቀላ ዕቃሽን መንገድ ላይ ታገኚዋለሽ» አለኝ። ደብዳቤዎቹ እንደሚመጡ እያወቀ አፉን ዘግቶ ያከራየኝ እሱ ነው! ጎረቤቴ እትዬ ታንጋም «ባለዕዳዋ ለቃለች» የሚል ጨርቅ አውጥታ ሰጠችኝ፤ እዚህ ሰፈር ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ነገር ነው። በሩ ላይ ሰቀልኩት። እንዲያም ሆኖ ሞተር ብስክሌት በደጄ ሲያልፍ ፍጥነቱን ከቀነሰ ጉርሻው አፌ ውስጥ ይቀራል።

ከዚህ የከበደኝ ሌላ ነው። እትዬ ታንጋም ሴትዮዋ አልጋ የያዘች እናቷን ይዛ የት እንደገባች በጆሮዬ ነገረችኝ። «እኔ ብናገር ሰፈሩ ይተፋኛል። አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ተናግረሽ ተገላገይ» አለችኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ አባባ። አፌ ላይ መጥቶ ያውቃል።

ማክሰኞ ቆርቆሮውን ተሸክሜ ፖስታዎቹ ላይ ወደተጻፈው ቢሯቸው ሄድኩና ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩት። ያ የቀለደብኝ ሰውዬ «አድራሻዋን ስጪን፣ ፊርማሽን ቀደን እንጥልልሻለን» አለኝ። ፊርማዬን አልክድም፣ የተቀበልኩት ደብዳቤ ነው፣ ሰው አሳልፌ ልሰጥ አልመጣሁም አልኩት። «ከጫካ መጥተሽ ምላስሽ ግን የከተማ ነው» አለ። ቀና ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ቁጭ አልኩ።

እንግዲህ እርስዎ የረጅም ቤታችን አለቃ ነዎት። ሪናይ ልጄ ናት፣ ከዚህች ሴት ጋር በሥጋም በጋብቻም አትገናኝም ብለው ይጻፉልኝ። ማኅተሙን ቀለም አጥግበው ይምቱት፤ ባለፈው ደብዝዞ ነበር። አደራዎን፣ የት እንዳለች አታውቅም ብለው ግን እንዳይጽፉ። አውቃለሁና በማኅተምዎ ሥር ውሸት እንዲገባ አልፈልግም።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ስለ ቀለሙ ግን አይንገሯት። ለአያቴ በሠራችልኝ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ እንደምጽፍ ንገሩልኝ። እህቴ ጄላይ ወደ እኔ የምትመጣበትን ቀን ታዘግየው፤ እንዳትቀየመኝ። በረንዳ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

ወረቀቱን በአደራ ደብዳቤ ይላኩት። ፖስተኛው ሲያንኳኳ እንደምደነግጥ አውቃለሁ። ቢሆንም ወጥቼ እፈርማለሁ፤ ይሄኛው በስሜ የመጣ ነው።

ልጅዎ ሪናይ
ክላንግ፣ ኦገስት 9 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.