ለአውቶቡሱ ቦታ ስለ መልቀቅ

ለተከበሩ የአውቶቡስ መንዳት ጨዋታ አምራች ድርጅት የደንበኞች ድጋፍ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልንገርዎ፦ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚከብደኝን ጥፋት የሠራሁት የእርስዎን መመሪያ አንድም ሳላጎድል በመፈጸሜ ነው። ይህን ካልኩ በኋላ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወንበርዎ ለወገብዎ የተመቸ፣ ኮምፒውተርዎም ሰፊ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ጤና አይጨነቁ፤ እንዳልተጨነቁም አውቃለሁ።

ይህን በጋዜጣ የምጽፈው ላሳጣዎ ፈልጌ አይደለም። የአቤቱታ ቅጽዎ ከአምስት መቶ ፊደል በላይ ስለማይቀበል ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁምና የስድስት ዓመት ነገር በአምስት መቶ ፊደል መጨረስ አቃተኝ። የማውቀውን ያወቅሁት በራሴ አንብቤ ነው። የመመሪያ ገጾችዎንም ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ፤ ከጻፏቸው ሰዎች አንዱ እንኳ አንድ ጊዜ አንብቧቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ ነበር።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ልጃችን ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታ፣ በርካሽ ያገኘችውን ሌላ ሃርድ ዲስክ አስገብታ፣ የእርስዎን ጨዋታ ጫነችለት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያማርረው የኖረውን ሥራ በነጻ ይሠራው ጀመር። ማንም በሌለበት ማቋረጫ ላይ ቆሞ እግረኛ ይጠብቃል። ስስቅበት፣ ሴትዮ ተሳፋሪዎቼን አትረብሺ ይለኛል። ከጀርባው ቆሜ ሳይ ሳይ እኔም ለመድኩ፤ እሱ ሲያሸልብ መሪውን እረከበው ነበር። አቤቱታዬም ከዚህ ይጀምራል።

፩. ጨዋታው መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ሲልብን ጻፍኩልዎ። የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ስለማይበቃው ቨርቹዋል ሜሞሪውን ወደ ሃያ ጊጋባይት ያሳድጉ ተባልኩ። ምን እንደሆነ አነበብኩ፤ ለካ ኮምፒውተሩ መሥሪያ ቦታ ሲጠበው ከሃርድ ዲስኩ ላይ ቆርሶ፣ ሜሞሪ አለኝ ይላል። አሳደግኩት። በማግሥቱ ሃርድ ዲስኩ ስለሞላ ጨዋታው ሊታደስ አይችልም የሚል መልእክት መጣ። ከዚያው ክፍልዎ ሌላ ሠራተኛ፣ ቨርቹዋል ሜሞሪውን ማን እንዲህ አሳድጉ አለዎት፣ ይቀንሱት እንጂ አለኝ። ቀነስኩት። ጨዋታው እንደገና ቀጥ አለ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እንዳይሰማሙ አድርገው ክፍልዎን ስላደራጁት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. የማያስፈልጉዎትን ፋይሎች ያጥፉ የሚል ምክርም ልከውልኛል። የውኃ ደረሰኞቻችንን፣ የጡረታ ማመልከቻዎቹን፣ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ዝርዝር አጠፋሁ። ያገኘሁት ቦታ ለአንድ የትራፊክ መብራት እንኳ አልበቃም።

፫. ይህኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። ባለቤቴ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጻፍ ሲያቅተው፣ ለልጃችን ሊነግራት የሚፈልገውን በድምፅ ይቀዳላት ጀመር። አሥራ አራት ቅጂ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መስመር የነዳ ሰው ኮምፒውተር ውስጥም የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ያለውን ሁሉ የሚያስቀምጠው በእርስዎ ጨዋታ ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያ ማንም አይነካብኝም ይል ነበር። የት እንዳስቀመጠው አሳይቶኛል። አውቅ ነበር።

ሆስፒታል በተኛ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ልጄን ዛሬ አንቺ ሂጂ፣ እኔ እግሬን አሞኛል አልኳት። እግሬን አላመመኝም። የሆስፒታሉ ሽታ ሰልችቶኝ፣ አንድ ሰዓት ብቻ መንዳት ፈልጌ ነበር። ኮምፒውተሩ ዲስኩ ሞልቷል አለኝ። መመሪያዎን ከፈትኩ፦ ጨዋታውን ያስወግዱ፤ የተጠቃሚውን ፋይሎችም አጥፋ የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱን ባዶ ያድርጉ፤ እንደ አዲስ ይጫኑ። ቸኩዬ ነበርና አራቱንም ፈጸምኩ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ አውቶቡሱ መናኸሪያውን ለቅቆ ከወጣ በኋላ ነው። እንዴት ያለ ፈጣን ጨዋታ ሆኖ ነበር መሰለዎ፤ አንድም ጊዜ ቀጥ አላለም።

ባለቤቴ በአሥረኛው ቀን ዐረፈ። ቅጂዎቹ እንዳሉ ለልጃችን ነግሯት ኖሯል። ስትጠይቀኝ፣ ሃርድ ዲስኩ በራሱ ጊዜ ተበላሸ፣ ጠጋኙ አውጥቶ ጥሎ ሌላ አስገባልኝ አልኳት። አመነችኝ። እናቷ ነኝና ለምን አታምነኝ።

፬. ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲሱ የጨዋታው እትም ዘጠና ጊጋባይት ባዶ ቦታ እንደሚፈልግ በትሕትና አሳወቁኝ። ቦታ አነሰኝ ብዬ በስልክ ሳማርር ልጄ ሰማች፤ በበነጋታውም ከእነማሸጊያው አዲስ ሃርድ ዲስክ ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና፣ ዐይኗን ሳታነሣ፣ «ይሄ አይከዳሽም እማዬ። የአባዬን ድምፅ ያጠፋሁት እኮ እኔ ነኝ፤ ርካሽ ዲስክ ፈልጌ» አለችኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታስብ መኖሯን አላወቅሁም ነበር። ሻይ ላፍላልሽ ብዬ ተነሣሁ።

ስለዚህ ከአንደበቴ በፊት የተጻፈው ይቅደም። ልጄ ያኔ ያስገባችው ዲስክ አልተበላሸም። ማንም አውጥቶ አልጣለውም። ዛሬም እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይነጫነጭ ይሠራል። የእርስዎም መመሪያ ያለውን አደረገ እንጂ አልዋሸኝም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። በእርስዎ ላይ የቀረኝ ቅሬታ አንድ ብቻ ነው። በአራቱ ትእዛዞችዎ መካከል፣ እዚህ ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድመው ይዩ የሚል አንድ መስመር ቢያስገቡ ስንት ቦታ ይፈጅብዎ ነበር?

አንድ ጊዜ ያሳደገች፣ አንድ ጊዜ የቀነሰች፣ ሁለት ጊዜ ያጠፋች ታዛዥ ደንበኛዎ፣ ለክፍልዎ ከሚገባው በላይ በሆነ አክብሮት፣
የአሽከርካሪው ሚስት

በግርጌ፦ ከየመልስዎ ሥር «ይህ መልስ ችግርዎን ፈትቶልዎታል?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ሳልመልስ ስለቆየሁ ይቅርታ። አዎ፣ ፈትቶልኛል። ዲስኩ ላይ ብዙ ቦታ ተገኝቷል።

ግልባጭ፦
ለጋዜጣው የአንባብያን ደብዳቤ ክፍል፤
ለልጄ፣ ጋዜጣው ከመውጣቱ በፊት፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ በእጄ የምሰጣት።