ቦርዱ ላይ የጻፍኳቸው ስሞች

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2008

ስማርት ቦርዱ፣ ያ በመብራት የሚሠራው አዲስ ሰሌዳ፣ ዛሬ ሥራ ጀመረ። ቡራዩ ውስጥ እኛ ጋ ብቻ ነው ያለው እየተባለ ሁለት ሳምንት ሲወራለት ከረመ። ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ፣ የሰፈሩን የሠርግ ካርድ ሁሉ የምጽፍ ሴት፣ ብዕሩን ይዤ ርእስ ልጽፍ ብል… ዶሮ የጫረችው መሰለ። ክፍሉ ሳቀ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ለሊሴ ብቻ አልሳቀችም። "ቲቸር፣ ጠመኔ ላምጣልዎት?" አለችኝ። እሷ ደግሞ የባሰ አሳፈረችኝ።

በዕረፍት ሰዓት ርእሰ መምህሩ አቶ ወንዳፍራሽ ጠሩኝ። ጥር ላይ ኮሚቴ ይገመግማል አሉኝ። ቦርዱ ላይ ጽሑፉ የማይነበብ መምህር ስምንተኛ ክፍል አይዝም። "እኔስ ታዲያ?" አልኳቸው። "ቤተ መጻሕፍቱ ሰው ይፈልጋል።"

8ኛ ለን ሊወስዱብኝ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አብሬያቸው የወጣሁ ልጆች። ሚኒስትሪ ሳላስፈትናቸው? ምን ይዋጠኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

የኮምፒውተር መምህሩ አማኑ ከትምህርት በኋላ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። ልጄ ይሆናል በዕድሜ። "ቲቸር አረጋሽ፣ ችግሩ መዳፍዎ ነው። ሲጽፉ ያሳርፉታል። ቦርዱ ደግሞ መዳፍ ሲነካው ዳስተር ይመስለዋል፤ ያጠፋል።"

ለካ ራሴ እየጻፍኩ ራሴ ነኝ የማጠፋው። ሃያ ስድስት ዓመት እጄን አሳርፌ ጽፌ… አሁን እንዴት ልተወው? ይሄ ነገር ከእጅ አይሻል ዶማ።

"ከትከሻዎ ይጻፉ። ትልቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው። መስመሩ ዘግይቶ ነው የሚከተልዎት፤ አይቅደሙት።" ቦርዱ ላይ የደብተር መስመር የመሰለም አወጣልኝ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ። ክንዴ ዝሏል።

ዓርብ፣ ኅዳር 17

መብራት የለም። በጠመኔ አስተማርኩ። ደስ አለኝ… ከዚያ ጥር ትዝ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 28

በአምቦ መንገድ የሚመጣው ወሬ አንድ ነው። ማስተር ፕላን። አዲስ አበባ ሰፍታ መሬታችንን ልትበላው ነው እያሉ ነው። ዛሬ ታክሲ ቆመ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ፣ ጎማ… ተኩስም ሰማን። ልጆቹን ከወንበር ሥር አስገባኋቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ? መምህር ነኝ።

ጽሑፌ ትንሽ ተሻሽሏል። በዚህ ቀን ይሄን መጻፌ ራሱ አሳፈረኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ከአርባ አንድ ልጆች አሥራ አንዱ ከትምህርት ቀሩ። አቶ ወንዳፍራሽ የሁላችንንም የስም መቆጣጠሪያ ሰብስበው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። "ይሄ ነገር እስኪበርድ ስም አይጠራም። የቀረ ቀረ።" ምክንያቱን አልተናገሩም። ግን ሁላችንም ገባን። ማን ቀረ፣ የት ሄደ፣ ሰልፍ ወጥቶ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል። እኚህን ሰውዬ እስከዛሬ በደንብ አላወቅኳቸውም ማለት ነው።

የለሊሴ አባት ኦቦ ጉደታ ዓርብ ደውለውልኝ ነበር። "አካም ጅርቱ፣ ቲቸር። ጤፉ ሊረግፍብኝ ነው፣ አጫጅ ደግሞ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ልጅቷ ሳምንት ታግዘኝ።" እሺ አልኳቸው። ዛሬ ወንበሯን ሳየው ግን ከፋኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ልምምድ። አማኑ "የሚወዱትን ነገር ይጻፉ፣ እጅዎ ይፍታታል" ብሎኝ ሄደ። ምን እንደምጽፍ ጨነቀኝ። ከዚያ ለሊሴ ጉደታ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የሌሎቹን። አሥራ አንዱንም። ከላይ "የቀሩ" አልኩበት፤ የድሮ ልማዴ ነው፣ ጥቁር ሰሌዳ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የምጽፈው።

እጄ ተንሳፍፎ፣ ከትከሻዬ… አማረ። ከጠመኔውም በለጠ። ማጥፋቱ አሳሳኝ። ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭኜ ወጣሁ። ከጠፋ ጠፋ ነው ብዬ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6



ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። ሲቪል ለብሰዋል። አቶ ወንዳፍራሽ ከኋላቸው። የስም መቆጣጠሪያ ጠይቀዋቸው "ሰሞኑን አልጠራንም" ብለዋቸዋል። ክፍል እንይ ብለው ነው የገቡት። እኔ መጨነቄ እንዳይታወቅብኝ ትምህርቱን ልቀጥል ብዬ ቦርዱን አበራሁ።

ቦርዱ የመጨረሻውን ገጽ አስቀምጦ ኖሯል። የቀሩ። አሥራ አንድ ስም፣ ከነአባታቸው።

መዳፌን ጫንኩበት። እየጎተትኩ አጠፋሁት። አንደኛው ሰውዬ ግን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ጨርሷል። "ጽሑፍዎ ያምራል" አለኝ። እያሾፈ አይመስለኝም።

አጨዳ ላይ ናቸው፣ ታክሲ አጥተው ነው፣ አልኩ። "እናጣራለን።"

አቶ ወንዳፍራሽ ሰዎቹን እስከ በር ሸኝተው ቢሯቸው ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ከአሥራ አንዱ ስድስቱን ወስደዋቸዋል፤ አምስቱን ከየቤታቸው። ለሊሴን ከማሳ ላይ፣ ማጭዱን እንደያዘች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ከአቶ ወንዳፍራሽ ጋር ጣቢያ ሄድን። "ነገ ኑ።" ኦቦ ጉደታ በር ላይ ቆመዋል። "ቲቸር፣ ልጄን ማን ነው ስሟን የሰጣቸው?" አሉኝ። አቶ ወንዳፍራሽ "አላወቅንም" አሏቸው። በእኔ ፋንታ ዋሹ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 16

ዛሬም ጣቢያ። ዛሬም ነገ ኑ።

ረቡዕ፣ ጥር 4

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ጎረቤት እልል አለ። ልጆቹስ? ስለ ልጆቹ ማንም ምንም አላለም።

ሐሙስ፣ ጥር 12

ግምገማው ዛሬ ነበር። ኮሚቴው የመጨረሻ ወንበር ላይ ተደርድሮ፣ ስድስት ወንበር ባዶ። እጄ ያለእኔ ጻፈ ብል ይሻላል። "እጅግ በጣም ጥሩ፤ ለሌሎች መምህራን ልምድ ታካፍል" ብለው ፈረሙ። 8ኛ ለ የእኔ ሆነ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 13

ተፈቱ! ስድስቱም። ተመስገን። ሰኞ ለኦቦ ጉደታ እነግራቸዋለሁ። እውነቱን። ያድርጉኝ የፈለጉትን።

ሰኞ፣ ጥር 16

ለሊሴ መጣች። ከስታለች። ፊት ወንበሯን ትታ ከኋላ ተቀመጠች። ስጽፍ ቦርዱን አላየችም፤ እጄን ነበር የምታየው።

ክፍሉ ሲወጣ አስቀረኋት። "ለሊሴ፣ የማናግርሽ ነገር አለ" ከማለቴ፣

"አውቃለሁ፣ ቲቸር። ጣቢያ ውስጥ የቦርዱን ፎቶ በስልካቸው አሳዩኝ። ሳየው የእርስዎ ጽሑፍ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ።"

ይቅርታ ማለቴን አላስታውስም፤ ብዬ ይሆናል። ዛሬውኑ አባትሽ ዘንድ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኳት።

"አይንገሩት።" ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው። "ድሮም ትምህርት ምን ያደርግልሻል ነው የሚለኝ። ይሄን ከሰማ ያስወጣኛል። ሚኒስትሪ አምስት ወር ነው የቀረኝ።"

እሺ አልኳት።