የተዘጋው ግሉኮስ

ኅዳር 6፣ ወረታ ጤና ጣቢያ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

የወባ ሰልፈኛ በረንዳውን ሞልቶታል። ክኒን እያደልኩ ነው የምጽፍብሽ፣ ደብተሬ። የመሪጌታ ልጅ ደብሪቱ ባሰባት። እግሯ አብጧል፣ የአንገቷ ደም ሥር ተገትሯል። ሰሞኑን አባቷ ወንዛዬ ወስደው ፍል ውሃ ሰባት ቀን አስነከሯት። እሱ ነው ያባሰባት አልኳቸው፣ ተቆጥቼ። አንገታቸውን ደፉ። ደግነቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል አልጋ ተገኘ፤ የጠበበውን የልቧን ቫልቭ ሊከፍቱላት። የቀበሌው ሊቀመንበር የጉዞ ይለፍ ወረቀታችን ላይ ማኅተሙን መታ። ከአባቷ ጋር አብሬ እሄዳለሁ።

ኅዳር 11፣ አ.አ.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ልብ አየሁ! የደብሪቱን ልብ፣ ሲመታ! ቀዶ ሐኪሙ ዶ/ር ጥግ ይዘሽ ዝም በይ ብለው ቀዶ ክፍል አስገቡኝ። ደረቷ ተከፈተ። ገና ቫልቩ ጋ ሳይደርሱ የደም ግፊቷ ወረደ። የልቧ ቀኝ ጎን ተነፋ፣ ጠቆረ፣ ምቱ ደከመ። ግሉኮሱን ልቀቁት እንጂ! ልል ምላሴ ጫፍ ደርሷል። እሳቸው ዝጉት አሉ። ዝጉት! ኦክስጅን ተጨመረ፤ ልብ የሚያበረታ መድኃኒት በጠብታ። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው ጠበቁ። እኔ ኪዳነ ምሕረትን ጠራሁ፤ ጓዶች አይስሙኝ። ልቧ ቀስ በቀስ ቀላ፣ በረታ። ያኔ ጣታቸውን በግራ በኩል አስገብተው ቫልቩን ከፈቱት። የተነፋው ጎን ዓይኔ እያየ ጎደለ። እግዚአብሔር የሠራውን ልብ ሰው በጣቱ ሲጠግን አየሁ።

ኅዳር 12፣ ረፋድ

ነቃች! ከንፈሯን አረጠብኩላት። ዶ/ሩን እየፈራሁ ጠየቅኳቸው፦ ለምን ዘጉት? ቀኙ ክፍል ሞልቶ መግፋት ሲያቅተው ፈሳሽ መጨመር ማስመጥ ነው አሉኝ። በእኛ አገር የጉማራ ወንዝ የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቆ ሳለ ዝናብ እንደ መለመን ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከወንዛዬ ስትመለስ ደክሟት ነበር እንጂ ትንፋሿ ደህና ነበር። አባቷ ግሉኮስ ስቀይላት ብለው ለመኑኝ፤ አገሩ ያለ ግሉኮስ የታከመ አይመስለውም። ሁለት ጠርሙስ ሰቀልኩ። በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት። እኔ ግን ፍል ውሃው ነው አልኩ።

ከቀኑ 8 ሰዓት

መሪጌታ እጅሽን ካልሳምኩ ብለው ታገሉኝ። ወንዛዬ ወስጄ ልጄን ልገድላት ነበር ይላሉ። አገር ሲገቡ ሱባኤ ሊይዙ ነው፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በእኔ ጥፋት። አልቻልኩም። ከሥራ ቢያስባርረኝም እነግራቸዋለሁ። ይኸው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። ዳዊታቸውን አጥፈው ቀና አሉ። የኔታ፣ ያባሰባት ፍል ውሃው አይደለም፤ እኔ የሰቀልኩት ጠርሙስ ነው።