ስድስተኛው ማርሽ

ለእህቴ ልጅ፣ ለአውቶቡስ ነጂዋ፤

ከሰላምታው በፊት ክስ አለኝ። ደብዳቤሽን በአረንጓዴ እስክሪብቶ ስለጻፍሽው መነጽሬን አውልቄ፣ መልሼ አድርጌ፣ መስኮቱ ድረስ ይዤው ሄጄ ነው ያነበብኩት። በአረንጓዴ የሚጽፍ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ብቻ ነው፤ አንቺን መቼ ሾሙሽ? ለዛሬ ምሬሻለሁ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ፣ እንዴት ከርመሻል? ባልሽስ፣ ትንሿስ፣ አማትሽስ ደህና ናቸው? ብርዱስ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ ደህና ነን። ጋራዡም ደህና ነው። ወገቤ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጥ ይላል እንጂ እሱም ደህና ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ፤ ቁም ነገር ካልነው። ቀኑን ሙሉ ማርሹን ራሱ የሚቀይር አውቶቡስ ስነዳ እውላለሁ፣ ስለዚህ ለራሴ በእጄ የምቀይረው ስፖርት መኪና ልገዛ ነው ብለሽ ጽፈሻል። እሱም ባለ ሁለት ወንበር። አራት ሰው የሚኖርበት ቤት ባለ ሁለት ወንበር መኪና ሲገዛ ገና አሁን ሰማሁ። አማትሽን ኮፈኑ ላይ ልታስቀምጫቸው ነው? የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ከመሬት አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ሰው የሚገባበት ሳይሆን ሰው የሚለብሰው ነገር ነው።

ይሁን፤ የጠየቅሽኝ ስለ ማርሹ ነው። ሻጩ አንዱን ባለ አምስት ማርሽ፣ ሌላውን ባለ ስድስት ብሎ አሳየሽ፤ ስድስቱ ይበልጣል ብሎም ዋጋውን ሰቀለው። የባለ ስድስቱን የማርሽ ዘንግ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ከዚያ አንዲት የላቲን ፊደል። እሷ ፊደል የኋላ ማርሽ ናት፣ የኔ ቆንጆ። ያ ከረባት ያሰረ ሻጭሽ ወደ ኋላ መሄድን ጨምሮ ነው ስድስት ያደረሰልሽ። እንዲያ ከተቆጠረማ የጋራዣችን የእጅ ጋሪ ባለ ሁለት ማርሽ ነው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሄዳል። ፎቶውን ለጎረቤቴ ለበያጁ ባሳየው፣ ይሄ ሰው ልጆቹንም ከነጥላቸው ሳይቆጥር አይቀርም አለኝ። ከሰውዬው ይልቅ የገረምሽኝ ግን አንቺ ነሽ። በእኔ ፒክአፕ ነድተሽ፣ ፍሪሲዮኔን አቃጥለሽ የተማርሽው ልጅ፣ ቁጥሩ ፊትሽ ተጽፎ እያለ ስድስት ነው ብለሽ ትጽፊልኛለሽ።

ሦስተኛ አማራጭም አለ ብሎሻል። መሪው ላይ ሁለት ጆሮ ያለው፣ እነሱን በጣትሽ እየነካሽ ማርሽ የምትቀይሪበት፣ ፍሪሲዮን የሌለው ማኑዋል። ፍሪሲዮን የሌለው ማኑዋል ውሃ የሌለው ዋና ነው። ይህን የፈለሰፈው ሰው እጁን ሳያቆሽሽ መካኒክ መባል የፈለገ መሆን አለበት።

አሁን ሳቄን ላቁም። ገጹ ጠርዝ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ የባለ ስድስቱ ፍሪሲዮን የውድድር ስለሆነ ትንሽ ይጠነክራል ብለሽ ጽፈሻል። ጉልበቱ ሁለት መቶ ፈረስ ነው ብለሽ ደግሞ በትልልቁ። እኔ የመኪናውን ጉልበት ምን ያደርግልኛል? ስለ ግራ ጉልበትሽ ንገሪኝ። ሐኪሙ ከፍቶ ከሰፋው ገና ስምንት ወሩ ነው። እናትሽ እንዳትሰማ አስምለሽኝ፣ ይኸው እህቴን እያየሁ ስዋሽ ከረምኩ። ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር መሆኑን የሚያስታውስሽ ሰው እዚያ ቤት የለም? በተጨናነቀ መንገድ አንድ መብራት እስክታልፊ ሃያ ጊዜ ትረግጪዋለሽ። እሱ ጉልበት ዳግመኛ ከተከፈተ አውቶቡሱንም አትነጂውም፤ ቤቱ ደግሞ የሚተዳደረው በአውቶቡሱ ደመወዝ ነው።

ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ውሉን እፈርማለሁ ያልሽው ቀን ሳይደርስ የምልሽን አድርጊ። ባለ አምስቱ ውስጥ ግቢና ሞተሩን አስነሺ። ፍሪሲዮኑን አርባ ጊዜ ረግጠሽ ልቀቂ፤ ሰውዬው ሰዓቱን ቢያይ ይይ። ከዚያ ወርደሽ ደረጃ ውጪ። ጉልበትሽ ዝም ካለ ግዢው። ባለ ስድስት የተባለውን አትንኪው። ባለ አምስቱም ካመመሽ ሁለት ጆሮ ያለውን ግዢ። እስክሞት እስቅብሻለሁ፤ አንቺ ግን በሁለት እግርሽ ቆመሽ ስድቤን ትሰሚያለሽ።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መኪናው ቀይ ነው ከማለት ሌላ ምክር ስላልነበረው አመሰግነዋለሁ በይው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። አማትሽንም ኮፈኑ ላይ አጥብቀው ይያዙ በያቸው። ለእናትሽ ሰላምታውን እኔው

በሩ ተንኳክቶ ነው ያቋረጥኩት። እናትሽ ናት። እሑድ ካልሆነ የማትመጣው ሴትዮ በሐሙስ መጥታ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ለማን ነው የምትጽፈው አለችኝ፤ ለልጅሽ አልኳት። እግሯ ዳነላት ወይ አለችኝ። የምን እግር አልኳት። እሷም፣ ስልክ እያወራችኝ ደረጃ ስትወጣ እሰማታለሁ፤ ድሮ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው ነበር፣ አሁን መሃል ላይ ትቆምና ወሬ የጠፋባት ትመስላለች፣ ስምንት ወር ሙሉ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነው አለች። ይኸው እጇን ዘርግታ እስክሪብቶውን አምጣ እያለችኝ ነው።

አጎትሽ፤ ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍል፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ጥቅምት 12 ቀን