ማታ ማታ «እሰይ» ይሉ የነበሩት የሲስተር የሕይወት ታሪክ

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት የወንድማቸው ልጅ ነኝ። ከዘመድ መሀል ዲግሪ የጫኑ ሞልተዋል፤ አንዳቸውም ግን አክስቴ መነጽራቸውን የት እንደሚያስቀምጡ አያውቁም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ባቆምም፣ የአክስቴ ዐይን ከደከመ ወዲህ እዚያ ቤት የገባውን ወረቀት ሁሉ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ የመድኃኒት ማዘዣውን፣ የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያውን፣ የከተማ አስተዳደሩን ደብዳቤ፣ ሁሉንም። በዚያ ቤት እኔ የማላውቀው ነገር ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ይህን የሚያነቡላችሁ የቤታችን አንጋፋ፣ ብረት በያጁ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡ። ጎደለ የሚል ካለ ከቀብር መልስ እኔን ይጠይቅ።

ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚጠራቸው አክስቴ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአናጺው ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የመጀመሪያ አልጋቸው ደንበኛ አዝዞት ሳይወስደው የቀረ መሳቢያ ነበር ይባላል። እሳቸው አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ አባቴ ተወለደ። እናታቸው ከስፌት መኪናው ስለማይነሡ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። «ወንድሜ አይደለም፣ የበኩር ልጄ ነው» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1965 ዓ.ም. ነርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1968 ዓ.ም. ተመረቁ። ከዚያ ዓመት አንሥቶ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ሆስፒታል፣ በሱስ የተያዙ ሰዎች በሚታከሙበት አንድ ፎቅ ላይ ሠሩ። ሠላሳ አራት ዓመት። ዕድገት ሲሰጣቸው «ቢሮ ውስጥ ምን ሰው አለ?» ብለው መልሰውታል። በ1972 ዓ.ም. ከአንድ የአምቡላንስ ሹፌር ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ሙሽራው በሰርጋቸው ዕለት እንኳ ለሥራ ተጠርተው፣ ሙሽሪትን ቤቷ ያደረሷት ሳይረን እያስጮኹ ነው አሉ። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው በ1993 ዓ.ም. ስድስት ክፍል ያለው ቤት ትተውላቸው አረፉ።

ጡረታ በወጡበት ዓመት አባቴ እዚያው ፎቅ ላይ ታከመ። ድኖ ወጣ። ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤታችን ዘጠኝ መጠጥ ቤት አለ፤ ስምንቱን አልፎ ዘጠነኛው ላይ ተሸነፈ። በወጣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። እናቴ እኔን ስትወልድ ስላረፈች ሲስተር የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለሁ አንሥተው ወሰዱኝ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናዎት» ሲላቸው እሳቸው መላልሰው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ ነበር አሉ፦ «ሰው ታክሞ ይወጣል፤ ወጥቶ የት ይገባል?»

በ2003 ዓ.ም. የገዛ ቤታቸውን ከፈቱ። ማገገሚያ ቤት የሚል ሰሌዳ አልሰቀሉም። ከሆስፒታል የወጣ፣ መጠጥም ክኒንም የተወ፣ ወደ ድሮ ሰፈሩ ቢመለስ የሚጠፋ ሰው ይገባል፤ ሥራ ይፈልጋል፤ ራሱን ሲችል ይወጣል። ሕጋቸው አንድ ነው። ማንም ቢሆን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ይመለስና፣ ጫማውን በረንዳው ላይ አውልቆ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ገብቻለሁ!» ይላል። ሲስተር ያሉበት ሆነው፣ ወጥ ቤትም ይሁን ገላ መታጠቢያ፣ «እሰይ!» ብለው ይመልሳሉ። «የት ነበርክ?» የለም። «እስቲ ተንፍስልኝ» የለም። ከዚያች ከአንድ ቃል ድምፅ ብቻ ሰውየው ቀኑን እንዴት እንደዋለ ያውቁታል። «እሰይ» ሳይባል ወደ ውስጥ የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ኤሌክትሪሻን መጣ። እኛ አያ መብራት ነበር የምንለው። ሲመሽ በራሱ የሚበራውን አምፖል አጥሩ በር ላይ የሰቀለው እሱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሎ በሦስተኛው ይበራል። «ለምን በአንዴ አይበራም?» ስለው «እኔስ በአንዴ መች ተውኩ፣ ሚጢጢ?» ይለኛል። ከሰዎቹ ሁሉ ድምፁ ቀጭን ነበር፤ «ገብቻለሁ» ሲል ፈቃድ የሚጠይቅ እንጂ የገባ ሰው አይመስልም። ቁጥር ያስተማረኝም እሱ ነው፣ በተቃጠሉ ፊውዞች እያስቆጠረ።

ጎረቤት ግን ፈራ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለከተማ አስተዳደሩ የተቃውሞ ፊርማ ገባ። ደንቡን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በመኖሪያ ሰፈር፣ በሥጋም በጋብቻም የማይዛመዱ ከአምስት በላይ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ከኖሩ፣ ቤቱ ቤት መሆኑ ይቀርና «ተቋም» ይባላል፤ ተቋም ደግሞ ከትምህርት ቤት ሦስት መቶ ሜትር መራቅ አለበት። የእኛ በር ከትምህርት ቤቴ ሁለት መቶ ስልሳ ሜትር ነው። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ሜትር ይዞ መጣ፤ ቀጥሎ የዝምድና ቅጽ ይዞ መጣ። ሲስተር ቁጭ ብለው አሥራ አንዱንም ሰው ዘመድ አደረጓቸው።

«እኚህ በያጅ ምንዎ ናቸው፣ ሲስተር?»

«አጎቴ።»

«ከእርስዎ በሃያ ዓመት ያንሳሉ እኮ!»

«አያቴ እስከ መጨረሻው ብርቱ ነበሩ፤ እሳቸውን ውቀስ።»

«ይሄኛውስ?»

«የባለቤቴ የአክስት ልጅ።»

«ባለቤትዎ አክስት ነበራቸው?»

«አንተ የለህም?»

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ሄደ። ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ «የእህቴ ልጅ፣ እስቲ ጨው አቀብዪኝ» እያሉ ሲስተርን ሲያስቁ ሰነበቱ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ግንቦት 15 ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ሲስተር አስተዳደሩ ቢሮ ወረፋ ይዘው ሳለ ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጣ። እኔ በረንዳው ላይ የቤት ሥራ እሠራለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ በዚያ ሳምንት በሒሳብ ከክፍል አንደኛ ወጥቼ መሬት አልበቃኝ ብሎ ነበር። «አንቺ፣ እነዚህ ሁሉ አጎቶችሽ ናቸው?» አለኝ። «እኔ አጎት የለኝም። አሥራ አንድ ናቸው፤ አንዱም ዘመዴ አይደለም። ልቁጠርልህ?» አልኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሰውየው ፈገግ ብሎ «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። ያቺን «ጎበዝ ነሽ» እስከ ዛሬ ውሃ ስጠጣ እሰማታለሁ።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ከአስተዳደሩ መጥተው ወጥ ቤቱንና የእኔንና የሲስተርን ክፍል ትተው የቀሩትን ክፍሎች አሸጉ። ሰዎቹ ጫማቸውን አድርገው በየአቅጣጫው ተበተኑ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ደብዳቤ ሲስተር ቀስ ብለው ልጠው፣ አጥፈው፣ ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። አንብቢልኝ አላሉኝም። እኔም ላንብብልዎ አላልኩም። በታሸገው ክፍል ውስጥ የአያ መብራት የማንቂያ ሰዓት ቀርታ ነበር። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትጮኻለች፤ የሚያጠፋት የለም፤ ሲበቃት በራሷ ዝም ትላለች። ሲስተርና እኔ ዐይን ለዐይን ሳንተያይ ዳቦ እንቆርሳለን። በሦስተኛው ሳምንት ባትሪዋ እያለቀ ድምፅዋ ቀጠነ። ልክ እንደ እሱ።

ሲስተር ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ አስተዳደሩ ደጃፍ ላይ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። በመጨረሻ ነዋሪው አዳራሽ ተጠራ። የፋርማሲው ባለቤት ተነሥተው «ይጥፉ አላልንም፤ ሌላ ቦታ ይሁን ነው ያልነው» አሉ። ሲስተር ካሉበት ሳይነሡ «ሌላ ቦታ የሚባለው ሰፈር የት ጋ ነው? አውቶቡስ ይገባበታል?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ። መድረክ ላይ የተቀመጡት ሹም ግን አልሳቁም፤ ወረቀታቸውን ብዙ ጊዜ አዩት። በማግስቱ የሙከራ ፈቃድ ተሰጠ፤ ማኅተሙ ተነሣ።

የዚያን ዕለት ምሽት ሰዎቹ እየተጠሩ መጡ። እኔ ቆጠርኩ። አንዱ «ገብቻለሁ!» ይላል፤ «እሰይ!» ይባላል። ቁጥሩ አሥር ላይ ቆመ። አያ መብራት ከሦስት ቀን በፊት አውቶቡስ መናኸሪያ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኝቶ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ገና አልሰማንም። የበሩ አምፖል ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለና በራ። ሲስተር ዐይናቸውን በሩ ላይ ተክለው በረንዳው ላይ ቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ከገባ በኋላ፣ አምፖሉ ሲበራ፣ ሲስተር በሩን እያዩ አንድ ተጨማሪ «እሰይ» ይሉ ነበር፤ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ለማንም ሳይሆን። አልጋው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በረንዳው ላይ ግን የአንድ ጥንድ ጫማ ቦታ ባዶውን ነው፤ ማንም አይነካውም፤ አዲስ የመጣ ሰው እንኳ ሳይነገረው ዘልሎት ያስቀምጣል። አንዳንድ ምሽት፣ ዋሸሽ በሉኝ፣ ከሲስተር «እሰይ» በፊት አንድ ቀጭን ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል።

በ2013 ዓ.ም. አስተዳደሩ ደንቡን አሻሽሎ፣ እንዲህ ያሉ ቤቶች በማንኛውም መኖሪያ ሰፈር ውስጥ እንዲኖሩ ፈቀደ። በፊርማው ሥነ ሥርዓት ላይ ሲስተር ተጋብዘው ነበር፤ «አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው» ብለው ሳያልቅ ወጡ። በዓመቱ የፋርማሲው ባለቤት የገዛ ልጃቸውን ደግፈው በራችን ላይ ቆሙ። እኔ «ሌላ ቦታ ጠፋ እንዴ?» ልል አፌን ስከፍት ሲስተር ቆነጠጡኝ። «ይግባ» አሉ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ልባቸው መድከም ጀመረ። ሐኪም ተኝተው እንዲታከሙ ቢመክራቸውም አልጋቸውን ወደ በረንዳው መስኮት አስጠግተው እቤታቸው ቆዩ። ጥቅምት 18 ቀን ማታ «ሁሉም ገቡ?» አሉኝ። «ገብተዋል» አልኩ። «አንድ ይቀራል» አሉ። ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ያን ዕለት ማታ በጊዜው ቤቱ የነበሩት ዘጠኙም ሰዎች ሥራ ውለው ተመለሱ። ጫማቸውን አወለቁ። «ገብቻለሁ» አሉ፣ በየተራ። መልስ የለም። እንደ ልማዳቸው ሳይገቡ በረንዳው ላይ ቆመው ቀሩ። ሁሉም እኔን ያዩኛል። ሰዎቹን ያስወጣሁ ሰው እንዴት ብዬ ላስገባቸው? አምፖሉ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ።

ሲስተር አንዲት የወንድም ልጅና፣ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በዚያ በረንዳ ያለፉ ሰባ ስድስት ሰዎችን ትተዋል። በሲስተር ቅጽ ቢሆን ሁላቸውም ዘመዶቻቸው ናቸው። ነፍሳቸው ከዚያኛው በር ደርሳ «ገብቻለሁ» ስትል ፈጣሪ «እሰይ» ይበላት። አያ መብራት ቀድሞ ይሰማት።

የሕይወት ታሪኩ እዚህ ላይ ነበር የሚያልቀው። ማተሚያ ቤት ከመውሰዴ በፊት ለጋሼ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ተነሥተው ከሲስተር ፍራሽ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አመጡ። «ያላነበብሽው ወረቀት የለም አይደል? እንኪ» አሉኝ። የማሸጊያው ደብዳቤ ነው። ከፊርማው አጠገብ «ግንቦት 13 ቀን 2010 ዓ.ም.» ይላል።

ሰኞ።

«ተቆጣጣሪው ረቡዕ የመጣው ነገሩ አልቆ ሊሰናበት ነው» አሉ ጋሼ። «ከዚያ በፊት በረንዳው ላይ አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ ቆጥሮ ሄዷል፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ሲስተርን አንድ ቀን ብትጠይቂያቸው ይነግሩሽ ነበር። ይሄው እንዳለ ይታተም፣ አነበዋለሁ። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱን ያዘጋሁት እኔ ነኝ ስትዪ ኖርሽ? አንቺን ደግሞ ማን ከንቲባ አደረገሽ?»